የአደጋ ጊዜ አደረጃጀትና የየቲሞች ስም ዝርዝር



ድርቅ፣ ጎርፍ፣ ቃጠሎ ወይም ጦርነት በደረሰ ጊዜ የሰው ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው እህል በጫነው መኪና ላይ ነው። ይሁን እንጂ መኪናው ከመድረሱ በፊት አንድ ወረቀት ተዘጋጅቶ መገኘት ይኖርበታል። በዚያ ወረቀት ላይ ማን በየትኛው ቀበሌ እንደሚኖርና በሥሩ ስንት ነፍስ እንደሚያድር ተጽፏል። እደላው የሚከናወነው በዚሁ ወረቀት መሠረት ስለሆነ ስሙ ያልሰፈረ ሰው ችግሩ ምንም ያህል ቢከብድ ከተራው ውጭ ይቆማል። አባት ያለው ልጅ በአባቱ ስም ሥር ይቆጠራል። የቲሙ ልጅ ግን በማን ስም ሥር ይቆጠራል? በዚህ ጽሑፍ በሐይቅ ከተማና በአምባሰል ወረዳ የአደጋ ጊዜ ሥራ እንዴት እንደተደራጀ፣ የቲሞቻችንም በየትኛው ቦታ ላይ ከቆጠራው ሊወጡ እንደሚችሉ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ቆጠራ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በመዲናና በዙሪያዋ ጽኑ ረሃብ ወርዶ ነበር፤ ዘመኑም በታሪክ ‹ዓመር-ረማዳህ› ተብሎ ይታወቃል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በሻምና በሌሎች አውራጃዎች ለነበሩ ሹሞቻቸው ጽፈው እህል አስመጡ። ለተራበው ሕዝብ ማዕድ ባቀረቡ ጊዜም የሚመገበው ሰው እንዲቆጠር አዘዙ። በዚህ ብቻ ሳይወሰኑ ወደ ማዕዱ መምጣት ያልቻሉት ቤተሰቦች፣ ሕሙማንና ሕፃናት በየቤታቸው እንዲቆጠሩ ማድረጋቸውን ኢብን ሰዕድ ዘግቧል። ቆጠራው ሲጠናቀቅ ያልመጡት ከመጡት እጅግ በልጠው ተገኙ። የዛሬ ዘመን የአደጋ ባለሙያዎች በብዙ መመሪያ የሚደክሙበት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ወደ ማደያው መድረስ የማይችለውን ማን ያየዋል?

ወሎ ለዚህ ጥያቄ ከባድ ዋጋ ከፍላለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የተራበው የወሎ ገበሬ ልጆቹን ይዞ ወደ ዋናው አውራ ጎዳና በወጣ ጊዜ የዚያን ዘመን መንግሥት ጉዳዩን ለመሸፋፈን ሞክሮ ነበር። ከዚህ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። የ1977ቱ ረሃብ ግን መሥሪያ ቤት መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ አሳየ። ኮሚሽኑ በ1987 ዓ.ም. የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ። ከዚያም ወዲህ ስሙና ተጠሪነቱ በተደጋጋሚ ተለዋውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ተብሎ ይጠራል። የስሙን መለዋወጥ ማጥናት ለአንባቢ ብዙ አይጠቅምም። ቁም ነገሩ፣ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ሥራውን አደጋ ከደረሰ በኋላ እርዳታ ከማደል አስቀድሞ ስጋቱን ወደ መለየትና ወደ መቀነስ ማዞሩ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥት አደጋን የመከላከልና ለተጎጂዎች በወቅቱ የመድረስ ግዴታ እንዳለበት፣ በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ ማድረግ እንዳለበት ይደነግጋል። እነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በሁለት የተለያዩ ጽሕፈት ቤቶች ይሠራባቸዋል፤ ችግራችንም በከፊል የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የተሁለደሬ ከተማ ናት። በዚያው መንገድ ወደ ፊት ሲኬድ በ1881 ዓ.ም. ውል ስሟ የታወቀው የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ትገኛለች። አገሩ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ያረፈ ነው። በደጋው የበልግ ዝናብ ይዘገያል ወይም ይቀራል፤ በተዳፋቱ ክረምት በከበደ ጊዜ መሬት ይንሸራተታል። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰውና የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣው በዚሁ ጠርዝ ላይ ነበር። በዚህ ላይ የከተሞቹ አንድ ዋና መንገድ የንግድም፣ የእርዳታም፣ የስደትም መንገድ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሦስቱም አብረው ይቆማሉ።

በእንዲህ ያለ ቦታ የአደጋ ጊዜ አደረጃጀቱ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። በቀበሌ ደረጃ ኮሚቴ አለ፤ የዝናቡን፣ የሰብሉን፣ የከብቱንና የገበያውን ሁኔታ የሚያስተውለውና የተቸገሩትን ቤቶች የሚለየው እርሱ ነው። ቀጥሎ በወረዳ አስተዳዳሪው፣ በከተማ ከንቲባው የሚሰበስበው ግብረ ኃይል ይገኛል። በግብረ ኃይሉ ውስጥ አደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ውኃ፣ ፖሊስ፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ፣ እንደየቦታውም ቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች ይቀመጣሉ። ከወረዳው አቅም በላይ የሆነው ጉዳይ በዞን በኩል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፌዴራል ይቀርባል። የበልጉና የመኸሩ ምርት እየታየ በየወቅቱ የፍላጎት ጥናት ይካሄዳል። የዕለት ደራሽ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ቁጥር የሚወሰነውም በዚህ ጥናት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ደግሞ በየዓመቱ የምግብ ክፍተት ያለበትን ቤተሰብ በቋሚ መዝገብ ይይዛል።

ይህ ሁሉ የተዘጋጀው ቀስ ብሎ ለሚመጣ አደጋ ነው። ድንገት የሚደርሰው አደጋ የጥናት ጊዜ አይሰጥም፤ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትም የጎረቤት ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ የአካባቢው ሰዎች ሲሆኑ ሁለተኛው ናዳ ደርሶባቸው ነው። አላህ ይዘንላቸው። ስለዚህ የአንድ ከተማ አስተዳደር ዝግጅት የሚለካው በመጋዘኑ ብቻ ሊሆን አይገባም። ማን ቦታውን ይከልላል፣ ማን ሕዝቡን ያርቃል፣ ከየቤቱ ማን እንደወጣና ማን እንደቀረ የሚያውቀው ማን ነው የሚለው አስቀድሞ መወሰን አለበት። ለአምቡላንስ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 907፣ ለፖሊስ 991 በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተጽፎ መገኘት ያለበት ነገር ነው።

የመጨረሻውን ጥያቄ በወሎ ከማንም በተሻለ የሚመልሰው ‹ቅሬ› ነው። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ይህ ማኅበር ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ የሚይዝበት አካባቢ ብዙ ነው። የቅሬው ዳኛ ያለ መዝገብ እንኳ በየቤቱ ያለውን ሰው በስም ያውቃል፤ አያት ዘንድ የተጠጋውን ልጅ፣ ከቆላ መጥታ አክስቷ ቤት የምትኖረውን ልጅ ያውቃል። የከተማው ግብረ ኃይል ግን ቅሬን የሚያስታውሰው ብዙውን ጊዜ ለቀብርና ለመዋጮ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የቅሬ ዳኞችና የመስጂድ ኮሚቴዎች ያልተቀመጡበት የቀበሌ ቆጠራ ሙሉ ቆጠራ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ወደ የቲሙ ልጅ እንመለስ። በሸሪዓ የቲም የምንለው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱ የሞተበትን ልጅ ነው፤ እናቱ በሕይወት ብትኖርም የቲም ነው። በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ‹ወላጅ አጥ› የሚለው ቃል ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ወላጆቹን ላጣው ይነገራል። እናቱ ያለችው ልጅ በእናቱ ቤተሰብ ሥር ይጻፋል፤ እናቲቱም የቤተሰብ ኃላፊ ሆና ካልተመዘገበች፣ ማለትም ባሏ ከሞተ በኋላ ስሙ በስሟ ካልተተካ፣ ቤቱ በሙሉ ይዘለላል። ሁለቱንም ያጣው ልጅ ደግሞ ወደ አጎቱ ቤት ሲገባ የአጎቱ መዝገብ የቀድሞውን የቤተሰብ ቁጥር እንደያዘ ይቀራል። አምስት ነፍስ ተብሎ የተጻፈ ቤት ሰባት ሆኖ ያድራል፤ ራሽኑ ግን ለአምስት ነው። ይህ የክፋት ሥራ ሳይሆን መዝገቡ ሳይታደስ የመቅረቱ ውጤት ነው። በመሆኑም የበጎ አድራጎት ማኅበራት የየቲም ዝርዝርና የከተማው ዝርዝር አንድ ነው ብሎ መገመት ስሕተት ላይ ይጥላል።

ጦርነቱ ይህን ክፍተት አጉልቶ አሳይቷል። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በዚሁ መንገድ ወደ ደሴ ጎረፈ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የሐይቅና የአምባሰል ነዋሪም ተፈናቃይ ሆነ። የቀበሌው መዝገብ በቀበሌው ቀረ፤ ተፈናቃዩም በደረሰበት ከተማ እንደ አዲስ መመዝገብ ነበረበት። መታወቂያ የያዘ አዋቂ ለራሱ ይመሰክራል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ግን አጠገቡ የቆመው ሰው አጎቱ ስለመሆኑ የሚያሳየው ወረቀት የለውም። በኮምቦልቻ የነበረው የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን በመዘረፉም ድርጅቱ በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በደሴና በኮምቦልቻ የሚያደርገውን እደላ አቁሞ ነበር። በሌላ በኩል ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖች በሐይቅ አቅራቢያ በጃሪና በሌሎች መጠለያዎች ሲሰፍሩ ከተማዋ ራሷ ተጎድታ ሳለ አስተናጋጅ ሆናለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም መንገዱን በየጊዜው ያስተጓጉላል።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታው ለሌላ ዓላማ እየዋለ ነው በማለት በመላ አገሪቱ የምግብ እደላ ማቆማቸው ይታወሳል። እደላው ከወራት በኋላ ሲጀመር ቀዳሚው ለውጥ በተቀባዮች አመራረጥና አመዘጋገብ ላይ የተደረገው ነበር። የአሜሪካው ድርጅት ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ራሱ ተዘጋ። ከዚህ በኋላ የአገር ውስጥ ለጋሽ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ከድርሻው ጋርም የዝርዝሩ ኃላፊነት ወደ እኛ ይመጣል።

ስለ ጃሪ ከተነሣ አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በዚያ አካባቢ በቀድሞው የረሃብ ዘመን የተጎዱ ሕፃናት የሚያድጉበት፣ በውጭ ድርጅት የሚተዳደር የሕፃናት መንደር ነበር። በልጆቹ ላይ በአስተዳዳሪው የተፈጸመው በደል በ1990ዎቹ በአገራችን ፍርድ ቤት ተረጋግጦ ቅጣት ተወስኖበታል። ልጅን ከዘመድ አርቆ በአንድ ግቢ መሰብሰብ በአደጋ ማግስት ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ዳሩ ግን ልጁ ሲበደል የሚጮኽለት ዘመድ ከአጠገቡ አይኖርም። ስለዚህ አደጋ በደረሰ ጊዜ ‹የተወሰኑ ልጆችን ወስደን እናሳድግ› ለሚሉ ደጋግ ሰዎች የምንሰጠው መልስ፣ የዘመዱን ቤት ደግፉ የሚል ነው።

ታዲያ ቤተሰብ ዛሬ ምን ያድርግ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የልደትና የሞት የምስክር ወረቀት ይሰጣል። የአባትየው ሞት መመዝገቡ እንደ ልጁ ልደት ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ እናቲቱን የቤተሰብ ኃላፊ የሚያደርጋት እርሱ ነውና። ልጁ በአያት፣ በአጎት ወይም በአክስት ቤት የሚኖር ከሆነ ሞግዚትነቱን በፍርድ ቤት ማረጋገጥ ይገባል፤ ወገኖቹ ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን ያያል። ሞግዚትነት የየቲሙን ንብረት የማስተዳደር አማናም ስለሆነ የመሬትና የቤት ማስረጃ አብሮ ይቀመጥ። የቤተሰቡ ቁጥር በቀበሌው መዝገብና በሴፍቲኔት ዝርዝር እንዲታደስ ማመልከት የሞግዚቱ ሥራ ነው። ትንንሽ ልጆችም የራሳቸውን ስም እስከ አያት፣ የቀበሌያቸውን ስምና የአንድ ዘመድ ስልክ በቃል እንዲይዙ ማድረግ ወጪ የለውም።

ለጋሾች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አደጋ በደረሰ ዕለት ምን እንላክ ብለው ነው። ልብስና ብርድ ልብስ ይሰበሰባል፤ መንገዱ ከተዘጋ ግን ደሴ ላይ ተከምሮ ይቀራል። ከየቲሙ ወርሃዊ ድጋፍ ተለይቶ አስቀድሞ የሚቀመጥ የአደጋ ጊዜ ገንዘብ ቢኖር ልጁ በተሰደደበት ከተማ ሊደርሰው ይችላል። ወርሃዊ ድጋፉን ለድንገተኛ ወጪ ማዋል ግን በሚቀጥለው ወር ሌላውን የቲም መንካት ነው። ዘካ የሚሰጥ ሰው ገንዘቡ ዘካ መሆኑን፣ ሰደቃ የሚሰጥም ሰደቃ መሆኑን ለይቶ ቢናገር ለአደጋ ጊዜ አጠቃቀሙ ከፍተኛ ልዩነት ያመጣል፤ ዘካ ለተወሰኑ ወገኖች ብቻ የሚውል ሲሆን ሰደቃ ለድንኳንም፣ ለመጓጓዣም፣ ለማስረጃ ማውጫ ክፍያም ሊውል ይችላልና።

የየቲሞቹ ዝርዝር ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ በመስጂዱ ኮሚቴ፣ አንዱ በቅሬው ዳኛ፣ አንዱ ከአካባቢው ውጭ በደሴ ወይም በአዲስ አበባ። በየቅጂው ራስ ላይ የታደሰበት ቀን ይጻፍ። የልጁ ስም ከእናቱና ከሞግዚቱ ስም፣ ከቀበሌውና ከስልክ ቁጥር ጋር ይስፈር፤ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ቢኖር በዚያው ይመልከት። ዝርዝሩ የልጆችን ምስጢር የያዘ ስለሆነ በግድግዳ አይለጠፍም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የበልጉና የመኸሩ ጥናት ከመካሄዱ በፊት፣ ከቀበሌው ኮሚቴ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ተነብቦ የተዘለለው ስም በጽሑፍ እንዲገባ ይጠየቅ። ቤት የቀየሩ ወይም ወደ ሌላ ዘመድ የተዛወሩ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦችም ለአካባቢያቸው የመስጂድ ኮሚቴ ወዲያውኑ ያስታውቁ።