በብሮውዘር ውስጥ ቪዲዮ ኤዲት ሲደረግ

በብሮውዘር በሚሠራ ቪዲዮ ኤዲተር አንድ ክሊፕ መሃል ላይ ሲቆረጥ ዋናው ፋይል ምንም አይሆንም። ታይምላይኑ ላይ ለሁለት ሲከፈል የሚታየው ክሊፕ ከጀርባው አጭር የጽሑፍ ዝርዝር ነው፤ «ከዚህ ፋይል ከ12ኛው እስከ 19ኛው ሰከንድ ያለውን ወስደህ 4ኛው ሰከንድ ላይ አጫውት» እንደማለት። ተጠቃሚው ሐሳቡን ቢቀይር የሚስተካከለው ይኸው ዝርዝር ብቻ ነው። ይህን አሠራር እጅግ የምወደው ጀማሪውን ስለሚያደፋፍረው ነው፤ የፈለገውን ቢቆርጥ የቀረጸው ነገር አይጠፋበትም።

ፈተናው የሚመጣው ታይምላይኑ ላይ የምትሄደዋ ቀጭን መስመር ስትጎተት ነው። እንደ ኤች 264 ባለ ኮዴክ (የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ) በታመቀ ቪዲዮ ውስጥ ሙሉ ምስል የያዙት ኪፍሬም የሚባሉት ጥቂት ፍሬሞች ናቸው። የቀሩት የሚይዙት ከሌሎች ፍሬሞች የተለወጠውን ብቻ ነው። ተጠቃሚው 7ኛው ሰከንድ ላይ ቆሞ የቅርቡ ኪፍሬም 5ኛው ላይ ከሆነ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ባለው ቪዲዮ 60 ያህል ፍሬም እየፈቱ መድረስ ያስፈልጋል። አንዱ ባለ 1080 ፍሬም ወደ ተራ ቀለም ሲፈታ ከ8 ሜጋባይት በላይ ሜሞሪ ይይዛል፤ ያለፈው ቶሎ ካልተለቀቀ ገጹ ይንቀራፈፋል። ጎበዝ ሠሪዎች መስመሯ በምትጎተትበት ጊዜ ቀድሞ የተዘጋጀ ትንሽ ምስል ያሳዩና፣ እጅ ሲያርፍ ትክክለኛውን ፍሬም ይተኩበታል።

ሲጫወት ደግሞ መሪው ድምፁ ነው። ጆሮ መቆራረጥን ፈጥኖ ስለሚይዝ፣ ምስሉ ከዘገየ ፍሬም ዘሎ ይደርስበታል።

ለዚህ ሁሉ መንገድ የከፈቱት በፈረንጆች 2017 ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች የተቀበሉት ዌብአሴምብሊና በ2021 ከክሮም 94 ጋር የወጣው ዌብኮዴክስ ናቸው። የመጀመሪያው እንደ ቪዲዮ ማቀናበሪያው ኤፍኤፍኤምፔግ ያሉ በሲ ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞችን ብሮውዘር ውስጥ አስገባ፤ ሁለተኛው የመሣሪያውን የቪዲዮ ቺፕ ለገጹ ፈቀደ። በዚያው 2021 ማይክሮሶፍት የገዛው የአውስትራሊያው ክሊፕቻምፕ ቪዲዮውን የሚያቀናብረው እዚያው ተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ነው። ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት አገር ግዙፍ ፋይል ወደ ሰርቨር መጫን ማስቀረት ትልቅ እፎይታ ነው።

አማርኛ ጽሑፍ ለሚያስገባ ሰው አንድ ነገር ይታሰብ። የፊደል ቅርጹ ተጭኖ ሳያልቅ ኤክስፖርት ከተጀመረ ጽሑፉ በሌላ ቅርጽ ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ የግእዝ ፊደል ከሌለው ደግሞ ባዶ ሳጥኖች ቪዲዮው ላይ ታትመው ይቀራሉ። ስለዚህ የኤክስፖርት ቁልፉ ፊደሉ መግባቱ ሳይረጋገጥ መከፈት የለበትም።