በአጥር ሥር ላለች ጠባብ መሬት ምን እንትከል?

ድሬዳዋን በመሰለ ቆላ ከተማ በግቢ አጥር ሥር ያለችውን ጠባብ መሬት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታታል፤ ግንቡም የጋለውን ሙቀት ማታ ይመልስባታል። እዚያ ውሃ ወዳድ አበባ መትከል ከቤተሰቡ ጋር ውሃ መሻማት ነው።

እሬት በወፍራም ቅጠሉ ውሃ ስለሚያጠራቅም ጥማትን ይችላል። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳምም መሬቱ ውሃ እስካላቆረ ድረስ ፀሐይን ይቋቋማሉ። ለዒድና ለሠርግ እጅ የምታስውበው ሒናም ድርቅ ትችላለች፤ ነገር ግን በየጊዜው ካልተከረከመች መተላለፊያውን ትዘጋለች።

ችግኙን ከግንቡ ሁለት ስንዝር ያህል አርቃችሁ በክረምት መግቢያ ትከሉ። ሥር እስኪሰድ ውሃ አይለየው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት ይልቅ አልፎ አልፎ አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይጠልቃልና። ለዚህም ሳሙና ያልነካውን የውዱእ ውሃ በሳፋ ማጠራቀም ይቻላል።