አሮጌ ምላጭ ለእድሳት ሲገዛ ሊመረመር የሚገባው

አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት ስለቱ እየተለወጠ ለሚሠራው መላጫ እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ፥ በእጀታው ውስጥ እየታጠፈ የሚገባው የቀድሞው ምላጭ ከብዙ ቤት ወጥቷል። ይሁን እንጂ ፈላጊው ፈጽሞ አልጠፋም፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች እየተገዛ፥ ታድሶና ተስሎ መልሶ ይሸጣል። በዚህ ንግድ ትርፉም ኪሣራውም የሚወሰነው ገና ሲገዛ ነው፤ ከንቱውን ምላጭ ለማደስ የሚጠፋው ጉልበት ለመልካሙ ከሚጠፋው አያንስምና።

ብዙ ገዢ አስቀድሞ የሚመለከተው ማኅተሙን ነው። የጀርመኑ ዞሊንገንና የእንግሊዙ ሼፊልድ በዚህ ሥራ የታወቁ ከተሞች ስለሆኑ ነገሩ አያስደንቅም። የሼፊልድ ምላጭ ዘውድና «ቪ» «አር» የተባሉት የላቲን ፊደላት ቢታተሙበት ብዙውን ጊዜ ከ1837 እስከ 1901 የነገሠችውን የንግሥት ቪክቶሪያን ዘመን ያመለክታል። እንዲሁም የ1890 የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ስላዘዘ፥ የአገር ስም የተቀረጸበት ምላጭ ከዚያ ወዲህ የተሠራ መሆኑ ይገመታል። ነገር ግን ማኅተም የትውልድን ስፍራ እንጂ የብረቱን ጤንነት አይናገርም።

ስለዚህ ምርመራው ከስለቱ መጀመር አለበት። ምላጩን ወደ ብርሃን አቅንቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ መመልከት፥ ቀጥሎም ብረቱን በጥፍር ቀስ አድርጎ መምታት ነው። ደኅናው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ስንጥቅ ያለበትን ማንም ባለሙያ አያድነውም፤ ለፊትም አደገኛ ነው። ላይ ላዩን የያዘው ቀይ ዝገት ግን በዘይትና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። የሚያስፈራው በስለቱ አጠገብ ጉድጓድ የቆፈረው ጥቁር ዝገት ነው፤ ምላጩ ሲሳል ስለቱ ወደ ጉድጓዱ ይደርስና እዚያው ይሸረፋል። ያው ጉድጓድ በጀርባው በኩል ቢሆን መልኩን ከማበላሸት አያልፍም።

ጀርባውም በጥንቃቄ መታየት ይገባዋል። ምላጭ በመሳያ ድንጋይ ላይ ሲተኛ ጀርባውና ስለቱ በአንድነት ድንጋዩን ስለሚነኩ፥ የስለቱን አቅጣጫ የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። ጀርባው በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ከተገኘ ወይም ሰፊ ዝርግ ከሆነ፥ ምላጩ ያለ አግባብ ተስሎ አልቋል ማለት ነው። በኤሌክትሪክ በሚዞር መሳያ የተነካ እንደሆነ ደግሞ ብረቱ ሰማያዊ ወይም ቡናማ መልክ ያሳያል፤ ሙቀቱ ጥንካሬውን ስላጠፋበት ስለት አይዝም። እኔስ አቧራ ከለበሰው ይልቅ እንደ መስተዋት የተወለወለውን እጠረጥራለሁ።

የእጀታ መሰበር ግዢውን አያስተወውም፤ ቀንድም እንጨትም ይተካል። ከሴሉሎይድ የተሠራው ግን እያረጀ አሲድነት ያለው ትነት ስለሚያወጣ የራሱን ብረት ያዝጋል፤ በአንድ ሣጥን የተቀመጡትንም ይጎዳል። በቶሎ የሚቀጣጠል ስለሆነም ለብቻው ከእሳት ርቆ ይቀመጥ። በዝሆን ጥርስ ለተሠራው እጀታ ደግሞ አስመጪና ላኪ ይጠንቀቁ። ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 የአፍሪካን ዝሆን በጥብቅ ከሚጠበቁት መካከል ስላስገባው፥ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር ቢሻገር ዕቃው ሊወረስ ይችላል። ዕቃው ጥንታዊ ነው ብሎ በቃል መከራከር በጉምሩክ ዘንድ ወረቀትን አይተካም።

መልኩ አምሮ ስለቱ የማይረባ ምላጭ ለጌጥ ተብሎ ሊሸጥ ይችላል፤ ይህም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፥ ገዢው ፊቱን ሊላጭበት እንዳይሞክር። በጥቅል ሲገዛም ሻጩ ምላጮቹን አንድ በአንድ ገልጦ ለማየት ቢፈቅድ፥ ዋጋው ደኅና ሆነው በተገኙት ቁጥር ብቻ ይታሰብ፤ የሚስለው ሰው የሚጠይቀውም ክፍያ አስቀድሞ ይቀነስለት። ማየትን የሚከለክል ከሆነ ግን ጥቅሉን ለእርሱ መተው ይሻላል።