ፈተናን በማለፍ የሚገኝ ፈቃድ፦ በኢንተርኔት በሚሰጥ ትምህርት ውስጥ ያለው አሠራርና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ሀ. መግቢያ

ተማሪ አንዱን ምዕራፍ በሚገባ ሳይረዳ ወደ ሌላው ቢሻገር፣ የጎደለው እውቀት በኋለኛው ትምህርት ላይ እንቅፋት እንደሚሆንበት ማንኛውም መምህር በሥራው የሚያየው ነው። ይህንን ችግር ለማቃለል የታሰበው ዘዴ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሲድኒ ፕሬሲ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠሩት መሣሪያ፣ ተማሪው ትክክለኛውን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንዳያልፍ ሊደረግ ይችል ነበር። ቤንጃሚን ብሉምም በ1968 (እ.ኤ.አ.) ባቀረቡት ጽሑፍ፣ በቂ ጊዜና ተገቢ እርዳታ ከተሰጣቸው አብዛኞቹ ተማሪዎች የሚፈለገውን የብቃት ደረጃ ሊደርሱ እንደሚችሉ አስረድተዋል። ዛሬ ይኸው ሐሳብ፣ ፈተናውን ላለፈ ተማሪ የሚቀጥለውን ክፍል በሚከፍቱ ድረ ገጾች ላይ ይሠራበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ አሠራር ምን እንደሚመስልና መምህሩ አስቀድሞ ሊወስናቸው የሚገቡትን ነገሮች መግለጽ ነው።

ለ. ፈቃዱ የሚሰጥባቸው ሁለት መንገዶች

ለምሳሌ ያህል ሙድል የተባለውን የትምህርት መስጫ ሥርዓት መመልከት ይቻላል። ይህ በማርቲን ዱጊያማስ በአውስትራሊያ የተጀመረውና የመጀመሪያው ዕትሙ በ2002 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሥርዓት፣ ማንም በነጻ ሊገለገልበት የሚችል ነው። በዚህ ሥርዓት ፈቃድ በሁለት መንገድ ሊሰጥ ይችላል።

አንደኛው መንገድ በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። መምህሩ «በመጀመሪያው ፈተና ከመቶ 80 ወይም ከዚያ በላይ ያገኘ ይግባ» ብሎ ይደነግጋል። ሥርዓቱም ተማሪው ክፍሉን ሊከፍት በሞከረ ቁጥር ውጤቱን አይቶ ይወስናል። በመሆኑም ውጤቱ ቢታረምና ከ80 በታች ቢወርድ፣ ተከፍቶ የነበረው ክፍል እንደገና ይዘጋል።

ሁለተኛው መንገድ በድርጊት ላይ የተመሠረተ ነው። ተማሪው መልሱን ባስረከበ ጊዜ፣ ለዚሁ ተብሎ የተጻፈ ተጨማሪ ፕሮግራም ድርጊቱን ተከታትሎ ለተማሪው አዲስ ኃላፊነት ይመዘግብለታል፤ ይኸውም ለምሳሌ የጓደኞቹን ሥራ የመገምገም መብት ሊሆን ይችላል። እንዲህ የተመዘገበ መብት ውጤቱ ኋላ ቢለወጥም በራሱ አይሻርም፤ የሚሽረው ሰው ወይም ሌላ ትእዛዝ ያስፈልገዋል።

በሁለቱም መንገድ ውሳኔው መሰጠት ያለበት በማዕከላዊው ኮምፒዩተር ላይ እንጂ በተማሪው መሣሪያ ላይ አይደለም። ከገጹ ላይ ማስፈንጠሪያውን መደበቅ ብቻ መቆለፍ አይባልምና፤ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ይገባል።

ሐ. ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች

1. መጨረስና ማለፍ የተለያዩ ናቸው። ፈቃዱ ከመጨረስ ጋር ብቻ ከተያያዘ፣ ባዶ ወረቀት ያስረከበውም ያልፋል። ፈተናው በጽሑፍ የሚመለስ ጥያቄ ካለበትና ፈቃዱ ከውጤት ጋር ከተያያዘ ደግሞ፣ መምህሩ እስኪያርም ድረስ ተማሪው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

2. ፈተናው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚፈቀድ ከሆነ የትኛው ውጤት እንደሚያዝ መወሰን አለበት። ከፍተኛው፣ አማካዩ፣ የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ሊያዝ ይችላል። የመጨረሻው እንዲያዝ ከተደረገ፣ 90 አግኝቶ የነበረ ተማሪ ለልምምድ ደግሞ ተፈትኖ 60 ቢያገኝ የተከፈተለት ክፍል ይዘጋበታል። እንዲህ ያለው ደንብ መድገምን እንደሚያስፈራና ትጉሁን እንደሚቀጣ ልብ ሊባል ይገባል።

3. የተዘጋው ክፍል ከነቅድመ ሁኔታው ለተማሪው ሊታይ፣ ወይም ጨርሶ ሊሰወር ይችላል። የሚጠበቅበትን የሚያይ ተማሪ ለመድረስ ይጥራል፤ ያልታየው ግን የቀረበትንም አያውቅም።

4. ከሁሉ የሚበልጠው፣ ላላለፈው ተማሪ የሚዘጋጀው መንገድ ነው። በብሉም ሐሳብ ፈተናው የሚያገለግለው ጉድለቱን ለማመልከት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በሌላ አቀራረብ የተዘጋጀ ማረሚያ ትምህርት ይከተላል። ስለዚህ «ከ80 በታች ያገኘ» የሚል ሌላ ቅድመ ሁኔታ ተደንግጎ፣ ለእነዚህ ተማሪዎች ማብራሪያና መልመጃ ሊከፈትላቸው ይገባል።

መ. ማጠቃለያ

ኮምፒዩተሩ ቁጥርን ከቁጥር ጋር ከማወዳደር በቀር ተማሪው ለምን እንደወደቀ አያውቅም። የማለፊያውን ልክ የሚወስነውና ወደኋላ የቀረውን የሚያነሣው መምህሩ ነው። የማረሚያ ትምህርት ያልተዘጋጀበት ፈተና ደካማውን ከብርቱው የሚለይ አጥር ሆኖ ይቀራል፤ የተዘጋጀበት ግን ለሁለቱም ወደፊት የሚያደርስ መንገድ ይሆናል።