የጭነት መርከብ ፍጥነት በምን ይወሰናል?

ዕቃውን በጅቡቲ በኩል የሚጠብቅ የመስቀል ፍላወር አስመጪ «መርከቡ ለምን አይፈጥንም?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

መርከብ የሚጠይቀው የሞተር ኃይል በግምት በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል። ፍጥነቱን በ10 በመቶ የቀነሰ መርከብ ከሩብ በላይ ኃይል ይቆጥባል፤ ጉዞው ስለሚረዝም ግን የነዳጅ ቁጠባው 19 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ወጪ ዞሮ ዞሮ በማጓጓዣ ዋጋ ላይ ይንጸባረቃል።

ሁለተኛው ገደብ ራሱ ውኃው ነው። በአዲስ አበባ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። የፕሮፔለሩ ቅጠል ከልክ በላይ ሲፈጥን ደግሞ በአንድ ገጹ ያለው ግፊት እጅግ ስለሚወርድ የባሕሩ ውኃ ሳይሞቅ ይፈላል። አረፋዎቹ በቅጽበት ሲከስሙ ጠንካራውን ብረት ይቦረቡራሉ፤ መርከቡንም ያንቀጠቅጣሉ። በዚህም ምክንያት ለጭነት መርከቦች ሰፊና በዝግታ የሚዞር ፕሮፔለር ይመረጣል። ፈጣን የመንገደኛ ጀልባዎች ውኃን በፓምፕ ወደ ኋላ እየገፉ ይጓዛሉ፤ ይህ ስልት ለከባድ ጭነት አያዋጣም።

ስለሆነም ደንበኞች ውል ሲፈጽሙ የመርከቡን ከፍተኛ ፍጥነት ሳይሆን በመርሐ ግብሩ የተገለጸውን የመድረሻ ቀን መነሻ እንዲያደርጉ፣ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለውንም ጊዜ ለይተው እንዲያሰሉ ይመከራል።