ዊንቹ «ጠቅ» ብሏል?

ነሐሴ ነው፤ በቾ ሜዳ ላይ ነን። ላንድክሩዘሩ ዋልካው ውስጥ እስከ ሆዱ ገብቷል። ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ፣ ጭቃ ይረጫሉ፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ፓራውልቱ ላይ የተገጠመውን ዊንች ካቦ ጎትተን ከመንገዱ ማዶ ካለ ወፍራም ባሕር ዛፍ ጋር አሰርነው። ሪሞቱን ተጫንኩ። ምንም። ተጠግቼ ደግሜ ተጫንኩ። ምንም። ሪሞቱን በመዳፌ መታ መታ ማድረግ ስጀምር አብሮን የነበረው አንጋፋ ሾፌር፣ «ልጄ፣ ጣትህን ተውና ጆሮህን ስጠው፤ ጠቅ ይላል ወይስ አይልም?» አለኝ።

ጥያቄው ያኔ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ስለ ገመድ አልባ ዊንች ብልሽት አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል ግን የምናገረው ይህንኑ ነው።

በነገራችን ላይ «ገመድ አልባ» የሚለው ስም ያሳስታል። መጎተቻው ገመድማ አለ፤ የሌለው ከመቆጣጠሪያው ወደ ማሽኑ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ማሽኑ ራሱ አዲስ አይደለም። አርተር ዋርን እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ያቋቋመው ኩባንያ ለግል መኪና የሚሆን የኤሌክትሪክ ዊንች ይዞ የወጣው በ1959 ነው። አሠራሩም ብዙም አልተለወጠም። አንድ ሞተር አለ፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን የሚያበዛ ማርሽ አለ፤ ካቦው የሚጠቀለልበት ታምቡር አለ። ሪሞቱ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ሰው ግን ዊንቹ እምቢ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚከሰው ይህን እንግዳ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሁለት መንገድ እንዳለ ማወቅ ይበቃል። አንደኛው የትእዛዝ መንገድ ነው፦ ሪሞቱ በሬዲዮ ሞገድ ይናገራል፣ ኮፈኑ ስር ወይም ዊንቹ ሳጥን ውስጥ ያለው ተቀባይ ይሰማል፣ ከዚያ በቀጭን ሽቦ ሶሌኖይድ ለሚባለው የኤሌክትሪክ በር ትንሽ ኃይል ይልካል። ሁለተኛው የጉልበት መንገድ ነው፦ ሶሌኖይዱ ሲያገናኝ ከባትሪው የሚነሳው ኃይል እንደ ትንሽ ጣት በወፈረ ሽቦ አልፎ ሞተሩ ይደርሳል። 4.3 ቶን ያህል የሚጎትት የተለመደ ዊንች ሙሉ ጭነት ላይ ሲሆን 400 አምፔር አካባቢ ይስባል። «ጠቅ» የምትለዋ ድምፅ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለችው ይህች በር ስትከፈት የምትሰማ ናት። ድምፁ ካለ ትእዛዙ ደርሷል፤ ሪሞቱን መውቀስ ይቁም። ከሌለ ደግሞ ወፍራሙን ሽቦ መፈታታት ገና ነው።

ድምፁ ከሌለ ከቀላሉ ይጀምሩ። ዊንቹን ከባትሪው የሚያቋርጥ ዋና ማጥፊያ ካለ በርቷል? ብዙዎቹ ዊንቾች የሽቦ መቆጣጠሪያ የሚሰካበት ቀዳዳ አላቸው፤ የሽቦው መቆጣጠሪያ በእጅዎ ካለ ይሰኩት። በሽቦ ሠርቶ በሪሞት እምቢ ካለ ጥፋቱ ሪሞቱ ወይም ተቀባዩ ላይ ነው። በሁለቱም እምቢ ካለ ከዚያ አልፎ ይፈለጋል። ግማሽ ደቂቃ የማትፈጅ ይህች ሙከራ የግማሽ ቀን ድካም ታድናለች።

የሪሞት ባትሪ አንዳንዱ ሰዓት ሠሪ ዘንድ የሚገኘው ክብ ጠፍጣፋ ዓይነት ነው፤ ሌላው የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል ባለ 12 ቮልት ናት። የሪሞቱ መብራት መብራቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የደከመ ባትሪ መብራቱን እያበራ ሞገዱን አሥር እርምጃ ማሻገር ሊያቅተው ይችላል። ሪሞቱና ተቀባዩ ደግሞ የሚተዋወቁት በራሳቸው ኮድ ነው። አዲስ ሪሞት ከተገዛ፣ አንዳንዴም ባትሪ ከተቀየረ በኋላ፣ እንደገና ማስተዋወቅ ያስፈልጋል፤ አደራረጉ እንደ ሥሪቱ ስለሚለያይ መመሪያውን አይጣሉት። ሳይነካ የቆየ ተቀባይ ባትሪ ለመቆጠብ የሚተኛበት ዓይነትም አለ፤ እሱን ማጥፊያውን አጥፍቶ ማብራት ይቀሰቅሰዋል።

ድምፁ ካለና ታምቡሩ ካልዞረ ወደ ጉልበቱ መንገድ ይሻገራሉ። እዚህ ላይ ቴስተር የያዘ ሰው ንጉሥ ነው። ያረፈና በቅጡ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሪሞቱን እየተጫኑ ይለኩ፤ ወደ 10 ቮልትና ከዚያ በታች ካሽቆለቆለ ባትሪው አልቻለም ማለት ነው። ባትሪው ላይ ደህና ሆኖ ዊንቹ ጫፍ ላይ ሲለካ በጣም ካነሰ ኃይሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። ብዙውን ጊዜ የሚቀረው አረንጓዴ ዝገት በያዘ ወይም በላላ ማሰሪያ ላይ ነው። ኃይሉን አጥፍተው ማሰሪያዎቹን በጥንቃቄ ይዳስሱ፤ ከሌሎቹ ለይቶ የጋለው ጥፋተኛው ነው። ፍቀው፣ አጥብቀው፣ ግራሶ ይቀቡት።

ሰውን በጣም የሚያሞኘው ግን ሌላ ብልሽት ነው። ዊንቹ ትንሽ ይጎትታል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጎትታል። ሁሉም «ሪሞቱ ይቆራርጣል» ይላል። ተቀባዩ የሚሠራው በዚያው በመኪናው ባትሪ ነው። ሞተሩ ጭነት ሲይዝ የባትሪው ቮልት ይወድቃል፣ ተቀባዩ ይጠፋል፣ ሶሌኖይዱ ይለቃል። ጭነቱ ሲለቀቅ ቮልቱ ይመለሳል፣ ተቀባዩም ይነቃል። ሪሞት ቢቀያየር ምንም አይለወጥም። የመኪናው ሞተር ተነሥቶ፣ ነዳጅ ትንሽ ከፍ ተደርጎ መጎተት ያለበትም ለዚህ ነው። እንደዚያም ሆኖ ዲናሞው 400 አምፔር ብቻውን አይደርስበትም፤ ጉድለቱን የሚሞላው ባትሪው ነውና በየመሀሉ እያሳረፉ መጎተት ግድ ነው። እረፍቱ የዊንቹን ሞተርም ከመቃጠል ያድነዋል።

ካቦውን ወደ ውጭ ለቆ፣ ጭነት ሳይኖርበትም ወደ ውስጥ እምቢ የሚል ዊንች ሲያጋጥም ዋናውን ባትሪ ይርሱት፤ በአንዱ አቅጣጫ ያሠራ ባትሪ ለሌላውም አለ። የሚፈተሸው ሶሌኖይዱና ወደ እሱ የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ነው። የተጣበቀ ሶሌኖይድን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ለጊዜው ሊያስነሳው ይችላል። አንዳንድ ሾፌሮች ሶሌኖይዱን በቁልፍ ብረት አገናኝተው ሞተሩን በቀጥታ ያስነሳሉ። እኔ አላደርገውም፤ ብረቱ ከተጣበቀ ዊንቹን ሪሞቱ አያቆመውም። ሞተሩ እየጮኸ ታምቡሩ ካልዞረ ደግሞ ኤሌክትሪክ ውስጥ አይግቡ፤ ካቦው በእጅ እንዲሳብ የሚለቀው ማንሻ በደንብ አልተመለሰም።

ከሁሉም የከፋው አልነሳም ያለው ሳይሆን አልቆምም ያለው ነው። የሶሌኖይዱ ውስጠኛ ብረት ግሎ ሲጣበቅ ሪሞቱን ቢለቁትም ዊንቹ መጎተቱን ይቀጥላል። መድኃኒቱ ዋናው ማጥፊያ ብቻ ነው፤ እሱ የሌለው መኪና ሪሞት ባይኖረው ይሻላል ባይ ነኝ። ሪሞቱ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሳይታወቅ ሊጫን ስለሚችልም አንድ ሰው ብቻ፣ በእጁ ይያዘው። የተወጠረ ካቦ ላይ ከባድ ብርድ ልብስ ወይም አፈር ያለበት ጆንያ ይጣልበት፤ ማንም አይሻገረው። የብረት ካቦ ከሆነ ታምቡሩ ላይ ቢያንስ አምስት ዙር ይቅር።

የበቾው ዊንች ጠቅ አላለም ነበር። ሽማግሌው ኮፈኑን ከፈተና ከተቀባዩ የምትመጣውን ቀጭን ጥቁር ሽቦ በጣቱ እየተከተለ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ደረሰ። የሽቦዋ ጫፍ በአረንጓዴ ዝገት ተበልቶ በሁለት ፀጉር ያህል ክር ተንጠልጥሏል። በኪሱ ቢላ ልጦ፣ ጠምዝዞ አሰረው። ሪሞቱን ተጫንኩ፤ ጠቅ አለ፣ ካቦው ተወጠረ፣ ባሕር ዛፉ ተንቀጠቀጠ።

እኛ የሽቦውን መቆጣጠሪያ ይዘን አልወጣንም ነበር፤ ዊንቹ ሲገዛ አብሮት የመጣው አዲስ አበባ፣ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። እርስዎ ሰኔ ሳይገባ ከካርቶኑ ያውጡትና ከመቀመጫው ስር ያስቀምጡት።