ልጅ አፉን የሚፈታበት ቤት

የልጃቸው ንግግር የዘገየባቸው ወላጆች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት ምን እንደሚገዙ ነው፤ ሥዕል ያለበት ካርድ፣ ፊደል የሚያሰማ መጫወቻ፣ ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ። ጥያቄው ከጭንቀትና ከፍቅር የሚመነጭ ስለሆነ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። እኔ ግን ገንዘቡም ልፋቱም ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢዞር ይሻላል ባይ ነኝ። ቤት ውስጥ የሚሠራ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና የሚረባው ልጁ ከሰው ጋር ተራ እየተቀባበለ የሚነጋገርበት አጋጣሚ ሲበዛ ነው። ይህን አጋጣሚ ደግሞ ጓዳችን፣ ክረምታችንና በዓሎቻችን አስቀድመው አሰናድተውልናል። የወላጅ ድርሻ አጋጣሚውን ማወቅና ለልጁ ቦታ መልቀቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በካንሳስ 42 ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትለው ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ብዙ ቃል የሚሰማ ሕፃን ብዙ ቃል ያውቃል የሚለውን ሐሳብ በየአገሩ አሰራጨ። ኋላ ግን የቤተሰቦቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ በቤቱ የሚገኙ ሌሎች ሰዎች የሚናገሩትም በአግባቡ አልተቆጠረም የሚል ትችት ገጠመው። ትችቱ ተገቢ ነበር። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ሬቸል ሮሚዮና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ጥናት ነው። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸው 36 ልጆች ቤት ውስጥ የሚሰሙትና የሚናገሩት ተቀዳ፤ ከዚያም ተረት ሲያዳምጡ አእምሯቸው በኤምአርአይ ታየ። ለቋንቋ ከሚያገለግሉት የአእምሮ ክፍሎች አንዱ ይበልጥ ሲሠራ የተገኘው ከአዋቂ ጋር ደጋግመው ንግግር በሚመላለሱት ልጆች ላይ ነበር። የወላጆች ገቢና አዋቂዎች የተናገሩት ቃል ብዛት ሲታሰብም ውጤቱ አልተለወጠም። እንዲህ ያለ ጥናት ብቻውን መንስኤን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ልጁ ላይ ቃል ማዝነብና ከልጁ ጋር መነጋገር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በደንብ ያሳያል። የተከፈተ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ይናገራል፤ መልስ ግን አይጠብቅም።

ተራ መቀባበል በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ቡና የሚፈላበትን ሰዓት እንውሰድ። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉ ስለማይዛነፍ ቋንቋ የሚያስቸግረው ልጅ እንኳ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ምን ማለት እንዳለበት መገመት ይቀለዋል። እናት ዘነዘናውን አንስታ «አሁን ቡናውን...» ብላ ዓይን ዓይኑን እያየች ዝም ትበል፤ በልቧ እስከ አምስት ትቁጠር። ልጁ ቢጠቁም፣ «ወቅ» ቢል፣ በእጁ ቢያሳይ ሁሉም መልስ ነው። ከዚያ እሷ «አዎ፣ እንውቀጠው» ብላ የልጁን ቃል አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋ ትመልስለታለች። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ክፍት የምንተወው ቦታ ግሡ ላይ ይወድቃል፤ ግሡም አድራጊውንና ተደራጊውን አንድ ላይ የሚሸከም ስለሆነ ልጁ ከሁሉ በላይ መለማመድ ያለበት እሱን ነው። ካርድ እያሳዩ «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ?» ማለት ግን የዕቃ ስም ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ይሆናል፤ መመለስ ያቃተው ልጅም ቶሎ ይሸሸዋል።

የየዕለቱ ሥራ ድግግሞሽ ይሰጣል፤ ወቅት ደግሞ አዲስ ቃልና የሚተረክ ነገር ያመጣል። ክረምት ዝናቡ ልጆችን ቤት ሲያስቀምጣቸው የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። መላጥ፣ ማገላበጥ፣ መፈልፈል፣ ማካፈል፤ ትኩስ፣ ጥሬ፣ ያረረ፤ «አንድ ለአንተ፣ አንድ ለእኔ»። ፍሬውን አንድ በአንድ እየፈለፈሉ መካፈል በራሱ ተራ መጠበቅን ያስተምራል። ነሐሴ ሲጋመስ ቡሄ ይደርሳል፤ ሊጥ ይቦካል፣ ሙልሙል ይጋገራል፣ ጅራፍ ይገመዳል፣ ወንዶቹ ልጆች ሆያ ሆዬ ይላሉ። መስከረም 1 ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። የእነዚህን ጨዋታዎች አሠራር ልብ ብሎ ላየ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውጪው አዲስ ግጥም መደርደር አለበት። ተቀባዮቹ የሚሉት ግን አጭር፣ የማይለዋወጥና አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሦስት ቃል ብቻ ያለው ልጅ ከእኩዮቹ መካከል ቆሞ፣ ተራውን ሳይስት፣ ሙሉ ተሳታፊ የሚሆንበት ሌላ መድረክ ማግኘት ይከብዳል። ሲጠነክር ደግሞ አንድ ስንኝ እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል። የእንኳን አደረሳችሁ ሰላምታም እንዲሁ ቃሉ የተወሰነ፣ መልሱ የተወሰነ፣ ተቀባዩ ፈገግ ብሎ የሚጠብቅ ንግግር ነው። የዒድ ቀንም በሰላምታው፣ ዘመድ በመጠየቁና ምግብ በማዳረሱ ያንኑ ዕድል ይሰጣል።

ለትልልቆቹ እንቆቅልሽ አለ። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ መመለስ፣ ፍንጩን ማዳመጥ፣ መገመት፣ ሲያቅት አገር መስጠት፤ ጨዋታው መክፈቻውም መዝጊያውም የታወቀ ጭውውት ነው። ነባሮቹን እንቆቅልሾች መፍታት ለሚያዳግተው ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ዕቃ ቀላል ጥያቄ መሥራት ይበቃል፤ ከምን እንደተሠራ፣ ምን እንደሚመስል፣ ለምን እንደሚያገለግል ብቻ መናገር። ዕቃን በመልኩ፣ በአገልግሎቱና በወገኑ መግለጽ ባለሙያዎች በክፍላቸው የሚያሠሩት ልምምድ ነው።

በዓል በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ከሆነ እንዴት ሕክምና ሊሆን ይችላል የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ቋንቋ በድግግሞሽ እንደሚለመድ እሙን ነው፤ አንድ ቀን ብቻውን ምንም አያመጣም። ነገር ግን የቡሄ ልምምድ ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ካለፈ በኋላም ፎቶ ይታያል፣ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ይባላል። ከበዓሉ በፊት የወደፊቱን ጊዜ፣ በበዓሉ ዕለት የአሁኑን፣ ከበዓሉ በኋላ ያለፈውን መናገር ይመጣል። ያለፈን ነገር በቅደም ተከተል መተረክ የቋንቋ ችግር ላለባቸው ልጆች በጣም የሚከብድ፣ ለትምህርት ቤትም በጣም የሚያስፈልግ ችሎታ ነው፤ ልጁ ራሱ የነበረበትና የወደደው ነገር ደግሞ ለመተረክ ይቀላል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ባህልን የሚመለከት ነው። እኛ ዘንድ ጨዋ ልጅ በታላቅ ፊት ያዳምጣል እንጂ አያወራም፤ እንግዲህ ይህ ሁሉ የፈረንጅ አስተዳደግ አይደለም ወይ? ኤሊኖር ኦክስና ባምቢ ሺፈሊን በሳሞአና በፓፑዋ ኒው ጊኒ ባደረጉት ጥናት፣ አዋቂዎች ለሕፃን ብለው ንግግራቸውን በማያቀሉበት ማኅበረሰብም ልጆች ቋንቋቸውን በሚገባ እንደሚለምዱ አሳይተዋል። ይህን ማስረጃ በቁም ነገር እወስደዋለሁ። ቋንቋ ለመልመድ ችግር የሌለበት ልጅ ዙሪያውን አዳምጦ ብቻ ሊደርስ ይችላል፤ ችግር ያለበት ልጅ ግን ለእሱ አቅም የተመጠነ፣ እሱን የሚጠብቅ ንግግር ያስፈልገዋል። ይህን የግድ አባት ማድረግ የለበትም። አያት፣ ታላቅ እህት፣ የጎረቤት ልጅ የተሻሉ የንግግር ጓደኞች ይሆናሉ፤ የታላቅ ክብርም አይጓደልም።

ወላጅ ባለሙያ አይደለም ለሚሉ ደግሞ ሜጋን ሮበርትስና አን ካይዘር እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ግምገማ ጥሩ መልስ አለው። 18 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ ዘዴውን የሠለጠኑ ወላጆች የሚሰጡት ድጋፍ የልጆቻቸውን ቋንቋ እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ቃሉን ልብ ይሏል፤ የሠለጠኑ ወላጆች። ባለሙያ ሳምንት በአንድ ሰዓት የሚያሳየውን ቤት በቀረው ጊዜ ይደጋግመዋል እንጂ ቤት ባለሙያን አይተካም። የንግግር ሕክምና ባለሙያ እንደ ልብ በማይገኝበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ የተገኘችውን አንዲት ቀጠሮ ወላጅ ዘዴውን ለመማር ቢጠቀምባት ልጁን ብቻ አስገብቶ ደጅ ከመጠበቅ እጅግ ይበልጣል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ላለ ልጅ አማርኛው ነው ያዘገየው፣ ቤት ውስጥም የአገሩን ቋንቋ ብቻ ተናገሩ የሚል ምክር አሁንም ይሰጣል። ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ ችግር እንደማያመጣ ምርምር በተደጋጋሚ አሳይቷል፤ ችግሩ ያለበት ልጅም ሁለት ቋንቋ ሊለምድ ይችላል። እናት አቀላጥፋ የማትናገረውን ቋንቋ ተገድዳ ብትናገር የሚደኸየው ያው ተራ መቀባበሉ ነው። የልጁ ቃላት ሲቆጠሩ የሁለቱም ቋንቋ ይደመሩ፤ ይህንን ወላጅ ለመርማሪው አጥብቆ ይንገር።

«አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው፣ ይደርሳል» የሚለው ማጽናኛ ከፊሉ እውነት ነው። በሁለት ዓመታቸው ቃል ካጠራቸው ልጆች ብዙዎቹ በኋላ እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ። የትኛው እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ኮርትኒ ኖርበሪና ባልደረቦቿ በእንግሊዝ አገር ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት፣ ትምህርት ቤት ከገቡ ልጆች ከ100 ሰባት ያህሉ ሌላ የታወቀ ሕመም ሳይኖርባቸው የቋንቋ ችግር ነበረባቸው። ስለዚህ በዓመቱ «ባ ባ፣ ዳ ዳ» እያለ ድምፅ የማይደጋግም ወይም የማይጠቁም፣ በ18 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ በሁለት ዓመቱ «እማ ነይ» ብሎ ሁለት ቃል የማያጣምር ልጅ ይመርመር። በየትኛውም ዕድሜ የነበረው ንግግር የጠፋበት ልጅ ደግሞ አንድም ቀን ሳይዘገይ መታየት አለበት። መጀመሪያ የሚታየው ጆሮው ነው፤ በተደጋጋሚ የሚያመረቅዝ ጆሮ ያለበት ልጅ ግማሹን ንግግራችንን ላይሰማ ይችላል። ወደ ሐኪም ሲኬድ ልጁ በራሱ የሚላቸውን ቃላትና አብረው ሲጫወቱ የተቀዳ አጭር ቪዲዮ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ክሊኒክ ውስጥ አፉን የሚዘጋ ልጅ ቤቱ ምን ያህል እንደሚናገር የሚታየው በዚያ ነው።